ሪቻርድ ሎረንስ እንደገና ሲነበብ



በ1821 ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፈ ሔኖክ ነው። ከግእዝ ብራና በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ሲሆን፣ መጽሐፉ በአንድ ዘመናዊ የአውሮፓ ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። የመለሰው ሪቻርድ ሎረንስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ የአንግሊካን የነገረ መለኮት ሊቅና የኦክስፎርድ የዕብራይስጥ መምህር ነበር። ዛሬ ስለ ሔኖክ የተጻፈ ማንኛውንም ጥናት ብትከፍቱ ስሙን መግቢያው ላይ ታገኙታላችሁ። የምታገኙት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተረጎመው እርሱ ነው፣ በኋላ ዲልማንና ቻርልስ የተባሉ ሊቃውንት የተሻለ ሠሩ ተብሎ ይታለፋል። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎረንስ ከዲልማንና ከቻርልስ የበለጠ ተርጓሚ ነበር ብዬ ልሟገት አልመጣሁም፤ አልነበረም። የምሟገትለት ነገር ሌላ ነው። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ተርጓሚውን አስቀርታ ሊቁን ቀብራዋለች። ከሔኖክ በፊትም ሆነ በኋላ በጻፋቸው ሥራዎች ውስጥ አንድ ጥብቅ መርሕ ይታያል፤ ጽሑፍን የሚመረምር ሰው የምስክሩን ቃል በሙሉ መስማት አለበት፣ ለክርክሩ የሚመቸውን ብቻ መርጦ መያዝ አይገባውም የሚል። የግእዝ መጻሕፍት በመጽሐፍ ቅዱስ ምርምር ውስጥ ቃላቸው የሚጠየቅ ምስክሮች ሆነው የተቆጠሩት ሎረንስ ይህን መርሕ ወደ እነርሱ ስላመጣው ነው ብዬ አምናለሁ። እርሱ ራሱ የወደቀባቸው ቦታዎችም ይህንኑ መርሕ የረሳባቸው ናቸው። ሁለቱንም ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

ሎረንስ በ1760 በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባለው ከተማ ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ፍሬንች ሎረንስ በኦክስፎርድ የፍትሐ ብሔር ሕግ መምህር፣ የታዋቂው የፓርላማ ሰው የኤድመንድ በርክም የቅርብ ወዳጅ ነበር። ሪቻርድ በኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ተምሮ በ1787 ኮልስሂል በምትባል የገጠር ደብር ካህን ሆነ። ስሙ መጀመሪያ የተሰማው በ1804 ነው። በኦክስፎርድ በየዓመቱ የሚሰጡ፣ ባምፕተን የሚባሉ ስምንት ተከታታይ ስብከቶች ነበሩ፤ የዚያ ዓመት ሰባኪ እርሱ ሆነ። የመረጠው ጥያቄ በጊዜው ብዙ ያነታርክ ነበር፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዘጠኝ የሃይማኖት አንቀጾች የካልቪንን ትምህርት ይከተላሉ ወይስ አይከተሉም የሚል ነው። አይከተሉም አለ። ከመልሱ ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልገን ወደ መልሱ የሄደበት መንገድ ነው። አንቀጾቹን ከተጻፉ በኋላ በተነሡ ክርክሮች መነጽር ማንበብ ስሕተት ነው አለ፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቹ በእጃቸው ይዘዋቸው ወደ ነበሩት ወደ ሉተራውያን የሃይማኖት መግለጫዎችና ወደ ሜላንክቶን ጽሑፎች ተመለሰ። ጽሑፉን በራሱ ዘመን በነበሩ ምስክሮች መዘነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ሥራ ከሁሉም ይበልጥ የተዘነጋው ነው፤ ረዘም አድርጌ ብቆይበት ታገሡኝ። በ1814 ሎረንስ ስለ አዲስ ኪዳን የግሪክ ብራናዎች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የምትሞግተው በጀርመን የየና መምህር የነበረውን ዮሐን ያኮብ ግሪስባህን ነው። ግሪስባህ በዘመኑ የአዲስ ኪዳን ንባብ ምርመራ አውራ ነበር፤ ያረፈው መጽሐፏ ከመውጣቷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ስለሆነ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። ግሪስባህ የግሪኩን ብራናዎች በሦስት ቤተሰብ ከፍሏቸው ነበር፤ የእስክንድርያ፣ የምዕራብና የቁስጥንጥንያ ብሎ። አንድ ብራና የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ ይህ ነው፤ በእጅ ያለውን፣ ለዘመናት ሲታተም የቆየውን የግሪክ ጽሑፍ መነሻ ያደርጋል። ብራናው ከዚህ ከታተመው ጽሑፍ የሚለይባቸውን ቦታዎች ይለቅማል። ከዚያ በእነዚያ ቦታዎች ብራናው ከማን ጋር እንደሚስማማ፣ ለምሳሌ ከጥንታዊው የእስክንድርያ ሊቅ ከኦሪጀን ጥቅሶች ጋር ወይም ከምዕራብ ምስክሮች ጋር እንደሆነ ይቆጥራል። ብዙ ጊዜ ከኦሪጀን ጋር ከተስማማ ብራናው የእስክንድርያ ቤተሰብ ነው ይላል።

መጀመሪያ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ሎረንስ ግን ቁጥሩን እንደገና ቆጠረና አንድ ነገር አየ። ግሪስባህ ብራናው ከታተመው ጽሑፍ ጋር የሚስማማባቸውን ቦታዎች ከሒሳቡ አውጥቷቸዋል። አንድን ልጅ አባቱን በማይመስልባቸው ምልክቶች ብቻ ዘሩን እንደ መፈለግ ነው፤ አፍንጫውም ዓይኑም አረማመዱም የአባቱ ሆኖ ሳለ፣ ጆሮው የአጎቱን ስለመሰለ ብቻ የአጎቱ ልጅ ነው እንደ ማለት። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የፈጠራ ቁጥር ልስጣችሁ። ምስክሮች የሚለያዩባቸው ሁለት መቶ ቦታዎች አሉ እንበል። ብራናው ከታተመው ጽሑፍ የሚለየው በሃያው ነው፤ ከሃያው በአሥራ አምስቱ ከኦሪጀን ጋር ይስማማል። በግሪስባህ ሚዛን ብራናው የኦሪጀን ወገን ነው። በቀሩት መቶ ሰማንያ ቦታዎች ግን ብራናው ከታተመው ጽሑፍ ጋር ሲሄድ፣ ኦሪጀን በስልሳዎቹ ሌላ ንባብ ይዟል ብትሉስ? ሁሉም ሲቆጠር ብራናው ወደ ታተመው ጽሑፍ እጅግ የቀረበ ሆኖ ይገኛል። ሎረንስ ይህን ሒሳብ በእውነተኛ ምሳሌ፣ በታወቀው የእስክንድርያ ብራና የጳውሎስ መልእክታት ላይ አድርጎ የግሪስባህ አመዳደብ ጸንቶ እንደማይቆም አሳየ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ሎረንስ ይህን ሲያደርግ ለታተመው ጽሑፍ የነበረው ፍቅር ገፋፍቶት ሊሆን ይችላል። የኋላ ሊቃውንት፣ በተለይ በ1881 ዌስትኮትና ሆርት፣ የታተመው ጽሑፍ የሚመደብበትን የቁስጥንጥንያ ቤተሰብ ዘግይቶ የመጣ ነው ብለው ስላወረዱት የሎረንስም ጽሑፍ አብሮ ተጣለ። ነገር ግን የመቁጠሩ ሕግ ሌላ፣ ከመቁጠሩ የወጣው ውጤት ሌላ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ኧርነስት ኮልዌልና ባልደረቦቹ ብራናዎችን በዘር ለመለየት ትክክለኛውን መንገድ ሲያበጁ ያስቀመጡት መሠረታዊ ሕግ ምን ነበር? ምስክሮች የሚለያዩባቸው ቦታዎች ሁሉ ይቆጠሩ፤ ከታተመው ጽሑፍ መራቅ ብቻ መለኪያ አይሁን የሚል ነው። የገጠር ደብር ካህን ሆኖ የኖረ ሰው የዚህን ሕግ ዋና ነጥብ ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በላይ ቀድሞ ተናግሮታል። አንድ ሊቅ በዚህ ብቻ እንኳ የክብር ቦታ ሊሰጠው በተገባ ነበር።

በዚያው በ1814 ሎረንስ በኦክስፎርድ በንጉሡ በሚሾመው የዕብራይስጥ ወንበር ተቀመጠ፤ የክራይስት ቸርች ካቴድራል ካህንም ሆነ። በዚህ ወንበር ላይ የቆየው ስምንት ዓመት ነው፤ ከግእዝ ሥራዎቹ አብዛኞቹ የወጡት በእነዚህ ዓመታት ነው። ኢትዮጵያን አላያትም። ግእዝ የሚያስተምረው ኢትዮጵያዊም አጠገቡ አልነበረም። በእጁ የነበረው የጀርመናዊው የኢዮብ ሉዶልፍ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ነው። ሉዶልፍን ያስተማሩት ደግሞ የመካነ ሥላሴው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው በሉዶልፍ ጠያቂነት የግእዝንና የአማርኛን ምሥጢር ገልጸውለታል። ስለዚህ ሎረንስ በኦክስፎርድ የሔኖክን ብራና ሲገልጥ የሚመራው፣ ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በቃል ያስተማሩት ትምህርት ነው። የአባ ጎርጎርዮስ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሎረንስም ያነሰ ይነሣል፤ ይህም መታረም አለበት።

የመጀመሪያው የግእዝ ሥራው በ1819 የወጣው ዕርገተ ኢሳይያስ ነው። ብራናውን ያገኘው በታላቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አልነበረም፤ ለንደን ውስጥ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ በአጋጣሚ ነው። ዕርገተ ኢሳይያስ ነቢዩ በምናሴ ዘመን በመጋዝ ተሰንጥቆ እንደሞተ፣ ከዚያም በፊት በሰባቱ ሰማያት እንዴት እንደ ወጣ የሚተርክ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። የቀደሙ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጠቅሰውታል፤ ሙሉው ግን በግእዝ ብቻ ነው የቀረው። ሎረንስ የግእዙን ጽሑፍ ከላቲንና ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ጎን ለጎን አሳተመው። ይህ አሠራር ቀላል ነገር አይደለም። ትርጉሙን ብቻ ቢያወጣ ኖሮ አንባቢ እርሱን ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ጽሑፉን አብሮ ማውጣቱ ግን ሥራውን ለሚመረምረው ሁሉ እጁን መስጠት ነው። ኋላ ዲልማንና ቻርልስ ሊያርሙት የቻሉት እርሱ ራሱ ማረሚያውን ስለሰጣቸው ነው።

በ1820 ዕዝራ ሱቱኤልን አወጣ። የዚህ መጽሐፍ ነገር በጣም አስደናቂ ስለሆነ ላብራራው። ዕዝራ ሱቱኤል በምዕራቡ ዓለም አራተኛው ዕዝራ ይባላል፤ በላቲን ሲነበብ ኖሯል። በላቲኑ በሰባተኛው ምዕራፍ ግን ሰባ ቁጥሮች የሉም። ክፍሉ ነፍሳት ከሞት በኋላ እስከ ፍርድ ቀን ስለሚቆዩበት ቦታ ይናገራል፤ በፍርድ ቀንም ማንም ለማንም መለመን እንደማይችል ይገልጻል። የግእዙ ቅጂ ይህን ክፍል አሟልቶ ይዟል። በ1711 የወጣ፣ ከዐረብኛ የተመለሰ የእንግሊዝኛ ትርጉም ክፍሉን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ የሎረንስ የግእዝ እትም ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ሆነ። አንድ ምስክር ሊጠረጠር ይችላል፤ እርስ በርስ ሳይተያዩ አንድ ቃል የሚናገሩ ሁለት ምስክሮችን መጠርጠር ግን ይከብዳል። በ1865 አንድ ጀርመናዊ ሊቅ በ822 በተጻፈ የላቲን ብራና ላይ አንድ ቅጠል ተቆርጦ እንደወጣ አስተዋለ፤ በዚያን ጊዜ የታወቁት የላቲን ቅጂዎች ሁሉ ከዚያ ብራና የተወለዱ ነበሩ። ከዚያም በ1874 የካምብሪጁ ሮበርት ቤንስሊ በፈረንሳይ አሚያን ከተማ ቅጠሉ ያልተቆረጠበትን ሌላ የላቲን ብራና አገኘ። የጠፋው ክፍል በላቲን ወጣ፤ ግእዙ ልክ ነበር። ሎረንስ ይህን ሳያይ አርፏል።

አሁን ወደ ሔኖክ እንምጣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770ና በ1771 በጎንደር ሲቀመጥ የሔኖክን ሦስት ቅጂዎች አግኝቶ ወደ አውሮፓ ወስዷል። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን በኦክስፎርድ ላለው ለቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። በ1800 ፈረንሳዊው ሲልቬስትር ደ ሳሲ ከፓሪሱ ቅጂ ጥቂት ምዕራፎችን በላቲን አሳተመ። የኦክስፎርዱ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሳይነበብ ተቀመጠ፤ የመጽሐፉን መኖር የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አልነበረም፤ ግእዙን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ የተነሣ ግን ሎረንስ የመጀመሪያው ነው። ትርጉሙ በ1833ና በ1838 በድጋሚ ታተመ፤ የግእዙን ጽሑፍ ደግሞ በ1838፣ በሞተበት ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ አወጣው። በየና የነበረው ሆፍማን ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል ከሎረንስ እንግሊዝኛ ነው የገለበጠው። እንግሊዛዊው ሠዓሊና ባለቅኔ ዊልያም ብሌክ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት የሔኖክን ታሪክ በእርሳስ የሣለው ይህን ትርጉም አንብቦ ነው።

ከትርጉሙ ፊት ሎረንስ አንድ ረጅም መግቢያ አስቀምጧል። የእኔ ሙግት ዋና ማስረጃ ይህ መግቢያ ነው። መጽሐፉ መቼና የት እንደተጻፈ የሚጠይቀው ከመጽሐፉ ውስጥ በሚወጣ ምልክት ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ሔኖክ ስለ ፀሐይ ዑደት በሚናገርበት ክፍል ይገኛል። እዚያ ቀንና ሌሊት በጠቅላላው በአሥራ ስምንት ክፍል ይመደባል፤ ቀኑ ከሁሉ በሚረዝምበት ጊዜ አሥራ ሁለቱ ክፍል ቀን፣ ስድስቱ ክፍል ሌሊት ይሆናል። በእኛ ሰዓት ሲቆጠር ቀኑ አሥራ ስድስት፣ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ሎረንስ ይህ የየት አገር ሰማይ ነው ብሎ ጠየቀ። ኢየሩሳሌም ላይ ረጅሙ ቀን ከአሥራ አራት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ጎንደር ላይ አሥራ ሦስት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ በይሁዳ ሰማይ ሥር የሚቆጥርም አይመስልም አለ። ወደ አሥራ ስድስት ሰዓት የሚጠጋው ከ45 እስከ 49 ዲግሪ ሰሜን ባለው ኬክሮስ አካባቢ ነው፤ ከዚህም ተነሥቶ ጸሐፊው በካስፒያንና በጥቁር ባሕር ወገን የኖረ፣ ምናልባትም አሦራውያን ካፈለሷቸው ከአሥሩ ነገድ የወጣ አይሁዳዊ ሊሆን ይችላል አለ።

መደምደሚያው ትክክል አይደለም። ረጅሙ ቀን የአጭሩ ሌሊት እጥፍ ነው የሚለው አቆጣጠር ጥንታዊ የባቢሎን ሊቃውንት በሰሌዳዎቻቸው ይጠቀሙበት የነበረ ግምታዊ ሥርዓት እንደሆነ የሸክላ ጽሑፎቹ ከተነበቡ በኋላ ታውቋል፤ የአንድ ቦታ ልኬት አይደለም። ሎረንስ ሲጽፍ ግን የባቢሎንን የሸክላ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ስሕተቱን ስንመረምር የምናገኘው ነገር ግን ያስደንቀኛል። የቁጥሩ ሥር ከይሁዳ ውጭ፣ በምሥራቅ እንደሆነ አይቷል፤ ይህ እውነት ሆኗል። የሳተው የት ምሥራቅ እንደሆነ ነው። ከዚህም በላይ ጥያቄው ራሱ አዲስ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሔኖክ የሚጠየቀው ቅዱስ ነው ወይስ አይደለም፣ የይሁዳ መልእክት የጠቀሰው እርሱን ነው ወይስ ሌላ ነው እየተባለ ነበር። ሎረንስ የመጽሐፉን ሥነ ፈለክ እንደ ታሪክ ማስረጃ አስቀርቦ ጠየቀው። ይህ ጥያቄ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ኦቶ ኖይገባወርን የመሰለ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የሔኖክን ምዕራፎች እስኪመረምር ድረስ በሕይወት ቆይቷል።

የዘመኑንም ነገር እንዲሁ መረመረ። መጽሐፉ መጀመሪያ በዕብራይስጥ ተጽፎ ኋላ ወደ ግሪክ የተመለሰ የአይሁድ ሥራ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሄሮድስ ዘመን መጀመሪያ ተጽፏል አለ። በሔኖክ ራእይ የሚነገሩትን ሰባ እረኞች ለነገሥታት መድቦ እስከ ሄሮድስ አደረሳቸው፤ ስለ ጳርቴና ስለ ሜድ ሰዎች የሚናገረውንም ምዕራፍ አስተዋለ። የእረኞቹ አቆጣጠር ዛሬ ተቀባይነት የለውም። በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን አራተኛ ዋሻ ግን የሔኖክ ቁርጥራጮች በአራማይስጥ ተገኙ፤ ጆሴፍ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። የመጽሐፉ ጥንታዊ ክፍሎች ከሄሮድስ በሁለት መቶ ዓመት ያህል እንደሚቀድሙ ታየ። እንግዲህ ሎረንስ ቋንቋውን ወደ ሴም ልሳን፣ ዘመኑንም ከክርስቶስ በፊት ማድረጉ ልክ ነበር፤ የሳተው መጽሐፉ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የጻፈው ሳይሆን የብዙ ዘመን ስብስብ መሆኑን አለማየቱ ነው። በቁምራን ያልተገኘው የምሳሌያት ክፍል፣ የጳርቴ ሰዎች የሚነሡበት ማለት ነው፣ ዛሬ ብዙ ሊቃውንት የሚያስቀምጡት የት ነው? ጳርቴዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ40 ዓመት ኢየሩሳሌምን ከያዙ በኋላ፣ በሄሮድስ ዘመን ገደማ ነው።

ድክመቱን ሳልናገር ብሄድ እርሱ ለሌሎች ያስቀመጠውን ሕግ አፈርስበታለሁ። ሎረንስ በዘመኑ ከነበሩት ሥላሴን ከማይቀበሉ ከዩኒቴሪያን ወገኖች ጋር ጽኑ ክርክር ነበረው። በ1808 እነርሱ ባወጡት የአዲስ ኪዳን ትርጉም ላይ በ1811 መልስ ጽፏል። ሔኖክን ሲያገኝ ይህ ክርክር ተከትሎት መጣ። በምሳሌያት ውስጥ ስለ ሰው ልጅና ስለ ኅሩዩ የሚነገረውን አይቶ፣ አይሁድ ከክርስቶስ በፊት ስለ መሲሕ ቅድምና ያምኑ እንደነበር የሚያሳይ ነው አለ፤ ይህ ብርቱ ነጥብ ነበር፣ ዛሬም በቁም ነገር ይመረመራል። ነገር ግን እዚያ አላቆመም። በአንድ ምዕራፍ ከመናፍስት ጌታና ከኅሩዩ ጋር አብሮ የሚነሣውን ሌላ ኃይል ሦስተኛ አካል አድርጎ፣ ሙሉ የሥላሴ ትምህርት በዚያ ተገኝቷል አለ። ያ ምዕራፍ ኪሩቤልን፣ ሱራፌልንና የመላእክትን ሠራዊት የሚዘረዝር ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ግሪስባህን የከሰሰበትን ነገር እዚህ እርሱ ራሱ አደረገው፤ የሚረዳውን ቃል ይዞ ዙሪያውን ተወው።

ሁለተኛው ድክመት በአንድ ብራና ብቻ መደገፉ ነው። የሔኖክ ሥራው ሁሉ በብሩስ የኦክስፎርድ ቅጂ ላይ ቆመ። ብራናው ሲሳሳት እርሱም ይሳሳታል፤ ገልባጩ የዘለለውን እርሱም ይዘላል። በዘመኑ ሌላ መንገድ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም። ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 ጎንደር ገብቶ ነበር፤ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል ከሐበሻ ይዞት በሄደው የሔኖክ ብራና ሆፍማን በሎረንስ ዕድሜ ተጠቅሞበታል። ከሁሉም በላይ በጎንደር ጉባኤ ቤቶች እነዚህን መጻሕፍት በሥርዓት የሚያነቡ ሊቃውንት ነበሩ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሔኖክን ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ቆጥራ ስታነበው የኖረች ናት። ጥያቄ ይዞ ወደ እነዚያ ሊቃውንት የሚሄድ ደብዳቤ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ቦታ በቀና ነበር እያልኩ አስባለሁ። በዚያ ዘመን አውሮፓዊ ሊቅ ብራናውን እንጂ የብራናውን ባለቤት ለመጠየቅ አልለመደም፤ የሎረንስ ሥራ በዚህ ከዘመኑ አልተሻለም።

ታዲያ ለምን ተዘነጋ? አንዱ ምክንያት ሹመቱ ነው። በ1822 በአየርላንድ የካሼል ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ የምርምር ዘመኑ በአብዛኛው እዚያ ላይ አበቃ። አገሩ አልተረጋጋም ነበር። ካቶሊኮች የሆኑት የአየርላንድ ገበሬዎች ለአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አሥራት አንከፍልም ብለው በ1830ዎቹ ተነሡ፤ ካሼል ያለችበት የቲፐራሪ አውራጃ ብርቱ ግጭት ከታየባቸው አንዱ ነበር። በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ የአየርላንድን መንበሮች በሕግ ሲቀንስ፣ ካሼል ሎረንስ ሲያርፍ ሊቀ ጵጵስናው እንዲቀር ተወሰነ። በታኅሣሥ 1838 በደብሊን ሲያርፍ የመንበሩ የመጨረሻ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በኦክስፎርድ ደግሞ በ1828 ወንበሩን የያዘው ኤድዋርድ ፒውሲ ነበር፤ ለሃምሳ አራት ዓመት ስለተቀመጠበት ከእርሱ በፊት የነበሩት ሁሉ ተሸፈኑ።

ሌላው ምክንያት አውግስት ዲልማን ነው። ይህ ጀርመናዊ በ1851 የሔኖክን ግእዝ ከአምስት ብራናዎች አመሳክሮ አሳተመ፤ በ1853 ጀርመንኛውን አወጣ። ሎረንስ በመቶ አምስት ምዕራፍ የከፈለውን እርሱ በመቶ ስምንት ከፈለ፤ ዛሬ የምንጠቅሰው የዲልማንን አከፋፈል ነው። ከዚያ በ1906 ኋላ የዌስትሚንስተር ሊቀ ዲያቆን የሆነው ሮበርት ሄንሪ ቻርልስ ከሃያ በላይ ብራናዎች ሰብስቦ አዲስ እትም አወጣ። ሁለቱ የሠሩት ታላቅ ሥራ ነው። የዲልማንና የቻርልስ እትሞች የተሻሉት ብዙ ምስክር ስለሰሙ ነው። ብዙ ምስክር መሰማት እንዳለበት ግን በ1814 በጽሑፍ የተናገረ ሰው ነበር፤ የሔኖክን የመጀመሪያ ምስክር ያስቀረበውም ያው ሰው ነው።

ቻርልስ የግእዙን ብራናዎች በሁለት ወገን ከፈላቸው። አንዱ ወገን ጥንታዊውን ንባብ የያዘ፣ ሌላው ኋላ በአገር ቤት ሊቃውንት እየተስተካከለ የተጻፈ ነው አለ። የሎረንስ ብራና ከሁለተኛው ወገን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የቆዩ ቅጂዎች ወጥተዋል። በጣና ሐይቅ ክብራን ገብርኤል ገዳም ያለው የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ብራና አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ኤፍሬም ይስሐቅ በ1983 ለወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉማቸው መሠረት ያደረጉት እርሱን ነው። በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው በአሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ የሔኖክ ቅጂዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ አሁን ዘራቸው መለየት አለበት። ጥንታዊውና ዘግይቶ የተስተካከለው የሚባለው ክፍፍል በቻርልስ ጊዜ በነበሩት ብራናዎች ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ቅጂ ከታተመው ጽሑፍ የሚርቅባቸውን ንባቦች ብቻ እየለቀሙ ወደ አንዱ ወገን ማግባት ዛሬም ይፈትናል። ሎረንስ በግሪክ ብራናዎች ላይ ያቀረበው ጥያቄ በግእዙ ሔኖክ ላይ እንዲህ ይነበባል፤ የሚስማሙባቸውም የሚለያዩባቸውም ቦታዎች አንድ በአንድ ከተቆጠሩ ሁለቱ ወገኖች ሁለት ሆነው ይቀራሉ ወይ? ይህን መቁጠር የሚችሉት ግእዙን ከጉባኤ ቤት የተማሩ፣ የብራናን እጅና ዘመን የሚለዩ ወጣቶቻችን ናቸው፤ የ1814ቷን ትንሽ መጽሐፍም የ1838ቱን የግእዝ እትም አጠገቧ አስቀምጠው እንዲያነቧት እጠይቃቸዋለሁ።